ሻይ በማኅበር ጽዋ

ደባርቅ ላይ ሻይ ለማብረድ እፍ ማለት አያስፈልግም። ብርጭቆው ከእጅ ወጥቶ ጠረጴዛ ላይ እስኪያርፍ ውርጩ ድርሻውን ወስዶ ይጨርሳል። ይህን የተማርሁት ሻይ ቤቴን በከፈትሁበት በመጀመሪያው ጠዋት ነው። የመጀመሪያው ደንበኛዬ የሊማሊሞን ቁልቁለት ከመጀመሩ በፊት ሞተሩን ሊያሳርፍ የቆመ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። አንዴ ፉት አለና ብርጭቆውን ወደ በሩ ብርሃን አንሥቶ እያየው፣ «እህቴ፣ ይኼ የትናንት ነው የዛሬ?» አለኝ። እኔ ንዴቴ ከሻዬ ቀድሞ የሚፈላ ሰው ነኝ። «የነገ ነው፤ አንተ ቀድመህ መጥተህ ነው» አልሁት። ሳቀና ሦስት ብርጭቆ ጠጥቶ ሄደ።

ሻይ ማፍላት የተማርሁት ዛሪማ ነው፤ ከደባርቅ ቁልቁል፣ በሽሬ መንገድ ዳር፣ ሰው ቀትር ላይ ጥላ ፍለጋ ግድግዳ ለግድግዳ እየታከከ በሚሄድበት ቆላ። አክስቴ እዚያ ለሾፌሮች ሻይና ዳቦ ትሸጥ ነበር። እሷ ዘንድ የወረድሁት ከትዳሬ ወጥቼ ነው። ጃናሞራ፣ መካነ ብርሃን አጠገብ፣ አራት ዓመት አግብቼ ኖሬአለሁ። ስለ ባልየው ክፉ አልናገርም፤ ክፉም አልነበረ። እናቱ የምታስበውን የሚያስብ ሰው ነበር፣ በቃ። ልጅ አልወለድንም፤ እናቱ ሌላ ሚስት አሰበችለት፤ እሱም አሰበ። ሽማግሌ ተቀመጠ፣ ተፋታን፣ እኔም የድርሻዬን አንዲት ላም ነድቼ ወጣሁ።

ከባሏ የተፋታች ሴት ወደ አባቷ ቤት ትመለሳለች፤ ወጉ ይኸው ነው። አባቴ ቄስ ናቸው። ከደባርቅ ወጣ ብላ በዳባት በኩል ባለች ትንሽ ደብር ያገለግሉ ነበር። እናቴ ቀደም ብላ ስላረፈች ብቻቸውን ነበሩ፣ ብመለስላቸው ደስ ይላቸው ነበር። እኔ ግን የሰው ምድጃ ማንደድ ሰልችቶኝ ነበር። የራሴን እሳት ፈለግሁ። ላሚቱን ሸጥሁ፣ ዛሪማ ሦስት ወር ተቀመጥሁ፣ ተመልሼም ደባርቅ መኪና መንገድ ዳር አንዲት ክፍል ከቀበሌ ተከራየሁ።

አባቴ ይህን ሲሰሙ የላኩብኝ ቃል እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። መልእክቱን ያመጣው ሰው እንኳ አፍሮ፣ መሬት መሬት እያየ ነበር የነገረኝ። «ልጄ መንገድ ዳር እሳት አንድዳ አላፊ አግዳሚውን የምታሞቅ ከሆነ፣ እኔ ያንን ደጃፍ አልረግጥም ብለውሻል» አለኝ። ለአባቴ ሻይ ቤትም፣ ጠጅ ቤትም፣ አረቄ ቤትም አንድ ነበሩ። ሴት በሯን ከፍታ ወንድ ገብቶ ከጠጣ፣ የሚጠጣው ምንም ይሁን ምን ስሙ መሸታ ነው። ልቤ ተቃጠለ። ሌላ ሰው ቢለው ስቄ አልፈው ነበር፤ የእሳቸው ግን አጥንቴ ድረስ ገባ። እኔም እልኸኛ ነኝ፣ ከማን እንደ ወረስሁት መቼም ግልጽ ነው፤ «እንግዲያው አይርገጡት!» ብዬ መለስሁ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። እኛ ቤት ሁለት ሞኝ ነበርን።

ወደ ሻዩ ልመለስ። የአክስቴ ልክ ለደባርቅ አልሠራም። ያው ቅጠል፣ ያው ቀረፋ፣ ያው ቅርንፉድ፤ ዛሪማ ላይ ደም የሚመስለው ሻይ ደባርቅ ላይ ነጣብኝ። ቅጠሉን የሸጠልኝን ነጋዴ ልጣላው ስነሣ፣ አንድ አስተማሪ ደንበኛዬ «ነጋዴው ምን አደረገሽ? ከፍ ያለ አገር ላይ ውኃ ቶሎ ይፈላል እንጂ እንደ ቆላው አይግልም» ብሎ አስረዳኝ። ፈላ ማለት ፈላ ነው፣ ፈልቶ የማይግል ውኃ የት አለ ብዬ ተከራከርሁት። በማግስቱ ግን ዝም ብዬ ቅጠሉን ጎሕ ሲቀድ ጥጄ ረዘም ላለ ጊዜ እሳት ላይ አቆየሁት። መልኩ መጣ። እውነቱን ነበር፤ ነገር ግን አልነገርሁትም፣ አስተማሪ ብዙ ማመስገን ጥሩ አይደለም።

ስኳሩ ሌላ ጣጣ ነበር። በዚያ በደርግ ጊዜ ስኳር የሚታደለው በቀበሌ ሱቅ ነው፤ ያውም ሲመጣ። ሲጠፋ የጃናሞራ ማር አስመጣሁ። ከትዳሬ ያተረፍሁት ነገር ቢኖር ጥሩ ማር ያለውን ሰው ማወቄ ነው። ማር ታዲያ አብሮ አይፈላም። ሻዩ ከእሳት ከወረደ በኋላ ነው ጠብ የሚደረግበት፣ አለዚያ ሽታው ይሞታል። ይህን ማንም አላስተማረኝም፣ ሁለት ማንቆርቆሪያ አበላሽቼ የደረስሁበት ነው።

ሻዬን ሻይ ያደረገው ግን የሳንቃ በር ሰው ነው። ከደባርቅ በላይ ያለው የዱር አራዊት ፓርክ ጠባቂ፣ ስካውት የሚሉት፣ ነበር፤ ጠመንጃውን አንግቶ በየሁለት ሳምንቱ ስንቅ ሊሸምት ወደ ከተማ ይወርዳል። አንድ ቀን ከንፈሩ በብርድ ተሰንጥቆ ገባና ካፖርት ኪሱ ውስጥ እጁን ከትቶ እፍኝ ደረቅ ጦስኝ አወጣ። «ይችን ጣይባት እስኪ። እኛ እላይ ሲበርደን እሷን ነው የምናፈላ» አለኝ። ጣልሁባት። ክዳኑን ስከፍት የወጣው ሽታ ቤቱን ሞልቶ መንገድ ተሻገረ፤ ፊት ለፊት ያለው ልብስ ሰፊ መኪናውን ትቶ «ምንድን ነው እሱ?» እያለ መጣ። ከዚያ ቀን ወዲህ ጦስኝ ከቤቴ ጠፍቶ አያውቅም፤ ስካውቱም ሻይ ከፍሎ ጠጥቶ አያውቅም።

ገበሬው መጀመሪያ «ቀይ ውኃ» ነበር የሚለው። አንድ ሽማግሌ በገበያ ቀን ገብተው፣ አንዴ ቀምሰው፣ «ጨው የለሽም?» አሉኝ። ሻይ ጨው አይገባበትም ብላቸው እንደ ሞኝ አዩኝና ከወገባቸው ቋጠሮ ፈትተው ቆንጠር አድርገው ጨመሩበት። ጠጥተው «አሁን ሰው ሆነ» አሉ። ሰው የሆነው ሻዩ ይሁን እሳቸው አልጠየቅሁም። ከዚያ በኋላ ገበያ በቆመ ቁጥር ከነጨዋቸው ይመጡ ነበር።

ሻይ ቤቴ የራሱ ስም አልነበረውም። ስም ያወጣለት የቀበሌው ሊቀ መንበር ነው፣ ያውም ሳያስበው። መንገድ ዳር ያለ ግድግዳ ሁሉ መፈክር ይጻፍበት ተባለና የኔም ተራ ደረሰ። ጽሕፈቱ «ሁሉም ነገር ወደ ጦር ግንባር» የሚል ነበር። ጻፊው «ሁሉም ነገር» ብሎ በትልልቅ ቀይ ፊደል እንደ ጻፈ ቀለሙ አለቀበት። ቀለም ከጎንደር ይመጣል ተባለ፣ ሳይመጣ ቀረ። ደባርቅም ስሜን ረስቶ «ሁሉም ነገር ሻይ ቤት» ይለኝ ጀመር። ሾፌሮቹ «ሁሉም ነገር ብለሽ ሻይ ብቻ?» እያሉ ሲተርቡኝ፣ «ዳቦም አለ፣ ምን ጎደለብህ?» እላቸዋለሁ። ሳቁ ጥሩ ነበር። ነገር ግን ያንን ጽሑፍ አባቴ ቢያነቡት ምን ይላሉ ብዬ ባሰብሁ ቁጥር ግድግዳውን በጭቃ ልለቀልቀው ይቃጣኝ ነበር።

አባቴ ደግሞ ያልፉ ነበር። ገበያ በቆመ ቀን ሁሉ፣ ወደ ደብራቸው ሲመለሱ፣ በነጭ ጥምጥማቸው፣ በቡላ በቅሏቸው ላይ ተቀምጠው፣ ዣንጥላቸውን ዘርግተው በደጄ ያልፋሉ። ፊታቸውን ወደዚያ ማዶ መልሰው ነው የሚያልፉት። ከደብራቸው ወደ ገበያ የሚወስደው አቋራጭ ደግሞ በታች፣ በወንዙ በኩል ነው፤ በኔ በር የሚያልፈው መንገድ ዙሪያ ጥምጥም ነው። ይህን ዙሪያ የሚዞሩት ሊያዋርዱኝ ነው አልሁ። ሕዝብ እያየ ፊታቸውን ሊያዞሩብኝ ነው አልሁ። ኮቴውን ስሰማ ብርጭቆ ማጠቤን ትቼ በሩ ላይ እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ እቆም ነበር። እሳቸው ማዶ ያያሉ፤ እኔ እሳቸውን አያለሁ፤ በቅሎዋ ብቻ ጆሮዋን ወደኔ ታቀናለች። ከዚያ የወፍጮ ቤቱን ግንብ ዞረው ከዓይኔ ይሰወራሉ።

አንዲት ጎረቤት ነበሩኝ፣ ባላቸው የሞተባቸው አሮጊት፤ እማማ ነበር የምላቸው። የማርያም ማኅበር ሙሴ ነበሩ፤ ሙሴ ማለት የማኅበሩ አስተናባሪ ነው። አንድ ቀን ሻያቸውን ይዘው ምድጃዬ ሥር ቁጭ አሉና፣ «አንች ልጅ፣ ማኅበር የሌላት ሴት ከተማ ውስጥ መንገደኛ ናት። ብትታመሚ ማን ውኃ ያቀብልሻል? ብትሞች ማን ያለቅስልሻል?» አሉኝ።

«ሾፌሮቹ» አልኋቸው።

«አፍሽን ያዥ!» አሉና ሳቁ። በወሩም ማኅበርተኛ አደረጉኝ።

ወር በገባ በሃያ አንድ ነው የምንሰበሰበው፤ ዛሬ አንዷ ቤት፣ በወሩ ሌላዋ ቤት። ተረኛዋ ዳቦ ትጋግራለች፣ ጠላ ትጠምቃለች፤ የጠላው መጀመሪያ ክዳን ባለው ጥቁር የሸክላ ጽዋ ይሞላና በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ የእመቤታችን ሥዕል ሥር ይቀመጣል። ካህኑ መጥተው ጸሎት አድርሰው ይባርኩታል፣ ከዚያ ሁሉም ይቀምሳል። ካህኑ ካልባረኩ ጽዋው አይከፈትም። ጽዋዋ ያልተከፈተላት ሴት ደግሞ በማግስቱ ማኅበርተኛ አይደለችም፤ ሰላምታውም ይቀዘቅዝባታል። እማማ ይህን ሁሉ ሲያስረዱኝ አንዲት ነገር ዘለሉ። የማኅበሩ ካህን አባቴ መሆናቸውን የሰማሁት ከገባሁ በኋላ ነው።

«ለምን አልነገሩኝም?» ብዬ ጮኽሁባቸው።

«ብነግርሽ ትገቢ ነበር?»

በሌሎች ቤት ሁለት ወር ተገናኘን። መስቀላቸውን ተሳለምሁ፤ የተባረከውን ዳቦ ለሁሉም እንደሚሰጡት ሰጡኝ፤ አንድም ቃል አልጨመሩ። ቀጥሎ ማን ቤት ይሁን ተብሎ ዕጣ ሲወጣ ለታኅሣሥ የወጣችው እኔ ሆንሁ። ዕጣውን ያወጡት እማማ ናቸው። ዕጣ የእግዜር ነው ብለው ማሉ፤ እኔ ግን እጃቸውን እስከ ዛሬ አላምነውም። አባቴ ዕጣውን ሰምተው በትረ መስቀላቸውን አንሥተው ወጡ።

«ባይመጡስ?» አልኋቸው ወደ ቤት ስንመለስ።

«አባትሽ ካንች ይጣሉ ይሆናል እንጂ ከእመቤታችን አይጣሉም።»

እኔ እንደሳቸው እርግጠኛ አልነበርሁም። ባይመጡ፣ የካህኑ ልጅ በአባቷ አፍ ተፈረደባት ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ ደባርቅ ውስጥ ማን ሻዬን ቀና ብሎ ይጠጣል? ብርጭቆዎቼን በጭድ ጠቅልዬ ዛሪማ እወርዳለሁ ብዬ ወሰንሁ። ለአክስቴም ላክሁባት። ያንን ወር ሻይ እየቀዳሁ በልቤ የምቆጥረው ቀኑን ነበር፤ ከተማውም አብሮኝ ይቆጥር ነበር። ጨው ያላቸው ሽማግሌ ሳይቀሩ «ቄሱ ይገቡ ይሆን?» ብለው ጠየቁኝ።

ጠላዬን እንደ ሕጉ ጠነሰስሁ። ገብሱን ምርጥ፣ ጌሾውን ምርጥ፣ ጋኑን በወይራ አጠንሁ። ማንም እንከን አያወጣልኝም አልሁ። ታኅሣሥ ግን ደባርቅ ላይ ታኅሣሥ ነው፤ ጠዋት የባልዲ ውኃ ላይ በረዶ ይጋገራል። አራት ቀን ሲቀረው ጋኑን ጆሮዬን አስጠግቼ አዳመጥሁት፤ ጸጥ ብሏል። እንደ ሞተ ሰው አይተነፍስም። ደነገጥሁ። ጠላ የምትጠምቅ ሴት ሁሉ በዚህ ጊዜ ጋኗን በድሪቶ ጠቅልላ ትጠብቃለች። እኔ ግን ከጠዋት እስከ ማታ የማይጠፋ የሻይ ምድጃ ያለኝ ሴት ነበርሁ፣ ብልህ ነኝ ባይ። ጋኑን እያሽከረከርሁ አምጥቼ ምድጃው ጎን አስቀመጥሁት። በማግስቱ ተንፈቀፈቀ። ደስ አለኝ፤ ለሾፌሮቹ ሁሉ አሳየኋቸው።

በሃያ አንደኛው ቀን ረፋዱ ላይ እማማ ሊቀምሱልኝ መጡ። ጾም ስለሆነ መዋጥ የለም፤ ጫፍ ጣታቸውን ነክረው ምላሳቸው ላይ ብቻ አስነኩ። አንድ ዓይናቸው ተጨፈነ። ቀጥሎ ሁለተኛው ተጨፈነ። «ልጄ፣» አሉ ዓይናቸውን ሳይከፍቱ፣ «ይኼ ጠላ አይደለም። ቁስል የሚታጠብበት ነው።»

ኮምጥጦ ነበር፤ ጋኑ በሙሉ።

«ከሰው እንበደር!» አልሁ። ከማን? ሁሉም ቤት ለልደት ነው የጠመቀ፤ ልደት ደግሞ ገና ሳምንት ይቀረዋል። የየቤቱ ጋን ድፍድፉን ይዞ በጭቃ ተመርጎ ተቀምጧል። ለዛሬ ማንም የጠመቀ የለም፣ ምክንያቱም ሁሉም ዛሬ የሚጠጣው የኔን ነው። መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስሁ። ለጠላው አልነበረም ያለቀስሁት። ቢመጡ እንኳ የሚባርኩት ነገር የለኝም፤ እግራቸውን ካነሡ በኋላ የምመልሳቸው በገዛ እጄ ነው ብዬ ነው። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ግን የምለቅመውም አልነበረኝ።

እማማ ትንሽ አስለቀሱኝና ምድጃው ላይ ያለውን ማንቆርቆሪያ አዩ። ከዚያ እኔን አዩ። «የጥሩ ጠላና የሻይ መልክ ምን ይለያያል?» አሉ ቀስ ብለው።

«እማማ!»

«እኔ ምን አልሁ? መልካቸውን ነው የጠየቅሁ።»

ከዚያ ወዲያ ያደረግሁትን ያደረግሁት በድንጋጤ ነው። ነገር ግን ያንን ቀን ያፈላሁትን ሻይ የመሰለ ከዚያ በፊትም በኋላም አላፈላሁም። ውኃውን ከምንጭ ራሴ ቀዳሁ። ቅጠሉን ቀድሜ ጣድሁ፣ ጦስኙን ሊወርድ ሲል ጨመርሁ፣ በነጠላ ጫፍ ሁለት ጊዜ አጠለልሁ፣ ማሩን መጨረሻ። ጽዋውን ሞላሁ፣ ክዳኑን ገጠምሁ፣ ጨርቁን አለበስሁ፣ ሥዕሏ ሥር አስቀመጥሁና «እመቤቴ ሆይ፣ ቤት ያፈራው ይኸው ነው» አልኋት።

ቅዳሴ ከወጣ በኋላ ሴቶቹ እጃቸውን በጋቢያቸው ውስጥ እየፈተጉ ገቡ። ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልቀመሱም፣ ነፋሱም እስከ አጥንት ይገባል። ተቀመጥን። ማንም ወሬ አልጀመረም፤ ሁሉም ጆሮውን ለውጭ ሰጥቶ ነበር። ኮቴ መጣ። ቆመ። ከዚያ በትረ መስቀላቸው ደረጃውን ሲመታ ሰማሁ፤ አባቴ ጎንበስ ብለው በሩን አልፈው፣ «ሰላም ለዚህ ቤት» ብለው ገቡ።

ለኔ ሳይሆን ለቤቱ ነበር። ቢሆንም ቤቱ የኔ ነው።

ጸሎቱን ጀመሩ። ቆምን። መሐል ላይ ሲደርሱ ዓይናቸው ጽዋው ላይ አረፈ፤ ከነጩ ጨርቅ ሥር እንፋሎት እየተግተለተለ ይወጣ ነበር። እኔና እማማ መልኩን ስናስመስል ትኩስ መሆኑን አላሰብነውም። አባቴ ጸሎቱን አቋርጠው «ጽዋው ምነው ይተናል?» አሉ።

«ቤቱ ሞቆ ነው፣ አባ» አሉ እማማ፣ ፊታቸው ምንም ሳይል።

ዝም ብል ምናልባት ያልፉት ነበር። ዓይኔን ሥዕሏ ላይ ብተክልና ዝም ብል። ግን ለአባቴ ዋሽቼ አላውቅም፤ ተቆጥቻቸው አውቃለሁ እንጂ። «አባ፣ ጠላ አይደለም» አልሁ። «ሻይ ነው።»

ሴቶቹ ሁሉ መሬት አዩ። አባቴ ግን ቀና ብለው አዩኝ፤ ፊት ለፊት፣ ከትዳሬ ከወጣሁ ለመጀመሪያ ጊዜ።

«ጠላሽስ?»

«ኮመጠጠብኝ።»

«ምን አርገሽው?»

«ቶሎ ይድረስልኝ ብዬ ምድጃ ሥር አስቀመጥሁት።»

«ምድጃ ሥር!» አሉ፤ ከንፈራቸው ጫፍ ላይ አንዳች ነገር ሮጠ። ወደ ጽዋው ቀርበው ጨርቁን ገለጥ፣ ክዳኑን ከፈት አደረጉ። እንፋሎቱ ፊታቸውን አለበሰው። ለረጅም ጊዜ ከዚያ ቀና አላሉም። «ምን ምን ገባበት?»

«ውኃ፣ ቅጠል፣ ማር። ጦስኝ።»

«ጦስኙ ከየት ነው?»

«ከሳንቃ በር፣ ከእላይ።»

ክዳኑን ይዘው ቆሙ። ከዚያ ለኔም ለሴቶቹም ሳይሆን ለጽዋው እንደሚናገሩ ሆነው፣ «እኛ ጃናሞራ ዜማ ስንማር፣ ከበሶ ሌላ ያልቀመስንበት ክረምት ነበር» አሉ። «መምህራችን፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ በገል ጦስኝ ያፈሉልን ነበር። ያችን ይዘን ነው ሌሊት ድምፃችን የተከፈተ። ማር ግን አልነበረውም።» ዞር ብለው ሴቶቹን አዩ። «ውኃ ይባረካል። ከውኃ የሚሠራም ይባረካል። ስካር የሌለበትን ጽዋ እመቤታችን አትቀበልም ብሎ ያስተማረኝ መምህር የለኝም። በሉ፣ ጸሎቱን እንጨርስ።»

ጨረሱ። ባረኩ። ዳቦውን በመስቀል ቆረሱ። መጀመሪያ የሚቀምሱት እሳቸው ናቸው፤ ቀዳሁላቸው፣ ግማሹን ጣታቸው ላይ አፈሰስሁት። ፉት አሉ። ቤቱ በሙሉ ጉሮሯቸውን ያይ ነበር። አንዴ ደግመው ፉት አሉና ብርጭቆውን ዘርግተው «ሙሉ አርጊው እንጂ!» አሉኝ።

እልልታው ከልብስ ሰፊው ቤት አልፎ እንደተሰማ ኋላ ነገሩን። ከጠዋት የጾሙ፣ በብርድ የተቆራመዱ አሥራ ሁለት ሴቶች ትኩስ ሻይ ሲያገኙ ምን እንደሚሆኑ አይቼአለሁ። ሦስት ማንቆርቆሪያ አለቀ። አንዷ «በጠላ ያላላበኝን በሻይ አላበኝ» ብላ መቀነቷን ፈታች። የሚቀጥለውን ወር ጽዋ የተረከበችው ሴት ደግሞ «እኔ ጠላ የምጠምቀው ምን በወጣኝ? ማንቆርቆሪያሽን ታውሽኛለሽ» ብላ ለያዥ ለገናዥ አስቸገረች። የኮመጠጠውን ጋን እማማ ደብቀው ለጎመን መሥሪያ ወሰዱት።

አባቴ ሊነሡ ሲሉ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ያ ግድግዳሽ ላይ የተጻፈው ሁሉም ነገር የሚለው፣ ምን ማለት ነው?» አሉኝ። የቀለሙን ታሪክ ነገርኋቸው። ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ከዚያ ጥምጥማቸውን ደግፈው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። «ወይ እኔ!» አሉ። «እኔማ ደግሞ...» ብለው ጀመሩና ተዉት። ያሰቡትን አልጠየቅኋቸውም። አንድ ነገር ግን ገርሞኝ ነበር፤ ሁልጊዜ ማዶ እያዩ የሚያልፉ ሰው ጽሑፉን መቼ አነበቡት?

ልሸኛቸው ወጣሁ። ሴቶቹ ሲሄዱ ምድጃውም በርዶ ነበር፣ እኔም በሩን ገርበብ አድርጌ የበቅሎዋን ልጓም ይዤ ከፊት ከፊት ሄድሁ። ደስታዬ አፌን ሞልቶት ነበር። የወፍጮ ቤቱን ግንብ እንደ ዞርን በቅሎዋ ቀጥ ብላ ቆመች። ሳብሁ። አትሄድም። ደግሜ ሳብሁ፣ እንደ ተተከለ ግንድ ሆነች። በአባቴ ላይ እንዲህ ስትለግም አይቼ ስለማላውቅ ተናድጄ ልመታት እጄን አነሣሁ።

«ተያት» አሉ አባቴ፣ በቅሎዋ ላይ ሆነው ዣንጥላቸውን እያስተካከሉ። «ልማዷ ነው።»

ወደ መሬቱ አየሁ። ግንቡ ጥግ ያለው ሣር ተረግጦ ተረግጦ አፈር ሆኗል፤ የደረቀ የበቅሎ ፋንድያ ከትኩሱ ጋር ተከምሯል። ቀና ብዬ ዞርሁ። ከቤቴ ሆኜ ግንቡ ይህን ጥግ ይጋርድብኝ ነበር፤ ከዚህ ጥግ ግን በግንቡ ጠርዝ ብቅ ሲሉ ቤቴ ከነ በሩ፣ ከነጣሪያው፣ ከነቀይ ፊደሉ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ገበያ በቆመ ቁጥር ዙሪያውን የሚዞሩት ለምን እንደ ነበር ገባኝ። የበቅሎዋን አንገት ይዤ ቆምሁ።

«ምን ስትጠብቅ ነው የምትቆመው?» አልሁ፣ እያወቅሁ።

አባቴ አሁንም ማዶ ማዶ ያዩ ነበር። «ጭሱን» አሉ። «ከቤትሽ ጭስ ሲወጣ ካየች፣ ትሄዳለች።»

ዛሬ ከጣሪያዬ ምንም አይወጣም ነበር። «ምድጃው ጠፍቷል፣ አባ» አልሁ።

«እንግዲያውስ ግቢና አንድጂ፣ ልጄ። ሳይመሽብን።»

ሮጥሁ። ነጠላዬ ከትከሻዬ ወድቆ መንገድ ላይ ቀረ። ከአመዱ ሥር ፍም አገኘሁ፣ ጭራሮ ጨመርሁ፣ እፍ አልሁ፤ ጭሱ እንዲበዛ ደግሞ እርጥብ የባሕር ዛፍ ቅጠል አንድ እቅፍ ጫንሁበት። ቤቱ ታፈነ፣ ዓይኔ በእንባ ተሞላ። በሩ ላይ ቆሜ ሳዳምጥ፣ ከግንቡ ወዲያ የበቅሎዋ ኮቴ ቀስ ብሎ መንገድ ጀመረ።